የቤቱ ዋጋና የሰፈሩ ዋጋ፤ የኢትዮጵያ የሕግ ጥናት በካዛንቺስና በቂርቆስ ሲመዘን

የሕግ ሊቅ ስለ ባለመብት ይጽፋል፤ የሕዝብን ኑሮ የሚመረምር ሊቅ ደግሞ ስለ ጎረቤት ይጽፋል። ባለመብትና ጎረቤት የተባሉት አንድ ሰው መሆናቸውን ግን ሁለቱም ወገኖች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። በኢትዮጵያ ስለ ሰው መብትና ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ የሚጻፈው የሕግ ጥናት፣ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት በ1956 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ ያለው ብቻ ቢቈጠር፣ ከስድሳ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። በዚህ ዘመን ውስጥ ሥርዐተ መንግሥቱ ደጋግሞ ተለውጧል፤ ሕጉም አብሮ ተለውጧል፤ ዕውቀቱም ተከማችቷል። ይሁን እንጂ የአንድ ጥናት ጥልቀት የሚታወቀው በጠቀሳቸው አንቀጾች ብዛት አይደለም። አንቀጹ በሚደርስበት መንደር መካከል ቆሞ ምን ያህል ለማየት እንደ ቻለ ተመርምሮ ነው። ለዚህ ምርመራ የቂርቆስን ክፍለ ከተማ፣ ይልቁንም ካዛንቺስን ያህል የሚመች ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የኢጣልያ ቃል ነው። ኢንቺስ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው ድርጅት ምሕጻረ ስም ሲሆን፣ በጠላት ወረራ ዘመን የተሠሩት ቤቶች ስሙን ለሰፈሩ አውርሰውታል። ስለዚህ የሰፈሩ ስም ራሱ ቤት ለማን እንደሚገባ ከሚወስን ሥልጣን ታሪክ የተወለደ ነው። ከነጻነት በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ከሰፈሩ አጠገብ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. በግንቦት ወር የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን ቻርተር በዚያ አዳራሽ ፈረሙ። ቻርተሩ ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በስሙ ጠቅሶታል። ስለ ሰው ልጅ ክብር እንዲህ ያለ ቃል ከታተመበት አዳራሽ በእግር ጥቂት ተጕዞ በሚደረስበት ስፍራ፣ የጭቃ ግድግዳና የቈርቈሮ ክዳን ባላቸው ቤቶች ብዙ ሕዝብ ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈረሰ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉ የከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። የሕግ ጥናቱ ለእነዚህ ሰዎች ምን አዘጋጅቶላቸው ነበር? የነገሩ ቍልፍ ይህ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ ጥናት የተወለደው ከታላላቆቹ ሕጎች ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ፣ ኢትዮጵያ ልማዷ ቀስ በቀስ ወደ ሕግነት እስኪያድግ ድረስ የምትጠብቅበት ጊዜ እንደሌላት በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሐተታ አስረድቷል። የሕጉ ቍጥር 3347 ደግሞ በሕጉ ውስጥ በተመለከቱት ጉዳዮች ላይ ጸንቶ የነበረውን ልማዳዊ ሕግ ሽሮታል። ከዚህ የተነሣ በጊዜው የነበሩት ሊቃውንት ዋና ጥያቄያቸው ከውጭ የመጣው ሕግ በአገሩ ሥር ይሰድ እንደ ሆነ ማወቅ ነበር፤ ጆን ቤክስትሮም በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት የዚህ ዓይነቱ ምርምር ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር። ሕጉ ወደ ሕዝቡ ምን ያህል እንደ ደረሰ ይለካል እንጂ፣ ሕዝቡ ሕጉ ያላየው ምን ሀብት እንዳለው አይለካም። በዚያው ዘመን ዕቁብና ዕድር የሚጠኑት በሌላ ክፍል፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌሎች ተማሪዎች ነበር። አስፋው ዳምጤ ስለ ዕቁብ የጻፈው ጥናት የወጣው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የሕዝብ ባህል ጥናት ማኅበር መጽሔት ላይ ነው። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ከተማ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ሳለ ቡና ሳይጠራሩ ኖሩ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የሰፈሩን ሰው በሕግ ፊት ዐዲስ ፍጡር አደረገው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ እንዲተዳደሩ ተደረገ። የቂርቆስና የካዛንቺስ ድኻ ከግለሰብ ባለቤት ጭሰኝነት ወጥቶ የመንግሥት ተከራይ ሆነ። ኪራዩ ዝቅተኛ ስለ ሆነ አልተፈናቀለም፤ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ ደግሞ በሙሉ ልብ አላደሰውም። ሆኖም ሁለት ትውልድ ኖረበት፤ ወጥ ቤት ቀጠለበት፤ ክፍሉን በመጋረጃ ከፍሎ ልጁን ዳረበት፤ ደባል አስገብቶ ኑሮውን ደጐመበት። ይህ ሰው ባለቤት አይደለም፤ ተራ ተከራይም አይደለም። የቀበሌ ቤት የሚለው ስም በሕዝቡ አፍ ሙሉ ትርጕም ሲኖረው፣ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ግን ይህን የሚመጥን ትርጕም አላገኘም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት በሮችን ከፈተ። አንደኛው በር አንቀጽ 40 ነው። ይኸውም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ማንም ሰው በጕልበቱ ወይም በገንዘቡ በሠራው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለውና መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል ንብረቱን ቢወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንደሚከፍል ይናገራል። ሁለተኛው በር አንቀጽ 44 ንኡስ ቍጥር 2 ነው። ይህ ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ፣ በቂ እርዳታ አግኝተው መዛወርን ጨምሮ ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የፊተኛው በር የሚጠይቀው ንብረትን ነው፤ የኋለኛው የሚጠይቀው ኑሮን ነው።

የቅርቡ ዘመን ጥናት አብዛኛው በፊተኛው በር ገብቷል። ዳንኤል ወልደ ገብርኤል አምባዬ በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ስለ መሬት መብትና ስለ ማስለቀቅ የሚናገረው መጽሐፍ በዚህ ረገድ ታላቅ ድካም የተደከመበት ሥራ ነው፤ የሕዝብ ጥቅም የሚባለውን፣ የካሳውን አተማመንና ሥነ ሥርዐቱን በየተራ ይመረምራል። ሙራዱ አብዶ በዚያው ዓመት በሚዛን የሕግ መጽሔት ላይ ያወጣው ሐተታ የማስለቀቂያው ሕግ እንዲሻሻል ጥሪ አቅርቧል። እነዚህን የመሰሉ ሥራዎች ካሳው አነስተኛ፣ የሕዝብ ጥቅም የሚባለውም ቃል ልክ የለሽ እንዳይሆን በማሳሰባቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ጕድለቱ በጠቅላላው የጥናት ዘርፍ ላይ የሚታይ የአመለካከት ጕድለት ነው፤ የመነሻው ሰው ሁልጊዜ ባለይዞታው ነው። ገበሬው ባለማሳ ነው፤ የከተማው ሰው ባለካርታ ነው። አዋጅ ቍጥር 455/1997 ለከተማ ባለይዞታ ምትክ ቦታና የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ግምት፣ ወይም ለአንድ ዓመት ያለ ኪራይ የሚኖርበት የመንግሥት ቤት እንዲሰጠው ሲያዝ፣ ተመራማሪው የአንዱን ዓመት ማነስ አጥብቆ ይከራከራል። በዚያው ግቢ ውስጥ በደባልነት የምትኖረው እንጀራ ጋጋሪ ግን በክርክሩ ውስጥ አትገኝም፤ ካሳው ቢጨምርም ባይጨምርም ለእርሷ ያው ነውና።

የዚህች ሴት ኑሮ ምንድር ነው? ምጣዷና ቤቷ ብቻ አይደለም። ጠዋት እንጀራ የሚወስዱላት ምግብ ቤቶች፣ ጤፍ በዱቤ የሚሰጣት ባለ ሱቅ፣ ልጇን የምትጠብቅላት ጎረቤት፣ በየሳምንቱ የምትጥለው ዕቁብ፣ በየወሩ የምትከፍለው ዕድር ተደምረው ኑሮዋ ይባላሉ። ከእነዚህ አንዱም በግምት ኮሚቴ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የዕድሩ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። አንድ አባል ለሃያ ዓመት የከፈለው መዋጮ ባንክ እንደ ገባ ገንዘብ ተመላሽ አይደለም። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ጋን ሆኗል፤ ከዚያም በላይ ኀዘን በደረሰ ቀን የሚመጣ ሰው ሆኗል። አባላቱ በከተማው አራት ማዕዘን ሲበተኑ ድንኳኑ ይቀራል፤ ቀባሪው ግን ይጠፋል። በዐዲሱ መንደር ዕድር መግባት ቢቻልም መመዝገቢያው እንደገና ይከፈላል፤ መታመኑም እንደገና ይለመዳል። እንግዲህ የጠፋው ነገር በሕግ ቋንቋ ንብረት ነውን? ጥቅም ነውን? ወይስ መብት? ይህን መርምሮ መልስ መስጠት የሕግ ሊቅ ሥራ ነበር።

አዋጅ ቍጥር 1161/2011 የቀድሞውን ሽሮ ሲወጣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቡና ጕዳት የሚከፈል ካሳ የሚል ዐዲስ ቃል አስገባ። ሕግ አውጪው በዚህ ጊዜ ከሊቁ ቀድሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኋላ ማሻሻያ የተደረገበት ቢሆንም፣ ትስስር ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን የተቀበለው ይህ ሐሳብ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁንና ቃሉ ሲገባ ሚዛኑ አብሮ አልገባም። ትስስር የብዙ ሰዎች ሆኖ ሳለ ካሳው ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ይታሰባል፤ ዕድሩ እንደ ማኅበር ከሳሽ ሆኖ ሊቀርብ ይችል እንደ ሆነ፣ አንድ ሰፈር በአንድነት ወደ አንድ ቦታ መዛወርን እንደ መብት ሊጠይቅ ይችል እንደ ሆነ በስፋት የመረመረ ሥራ ያስፈልጋል። ለቀበሌ ቤት ተከራይ በተግባር የሚቀርብለት ምርጫ ሌላ የመንግሥት ቤት መከራየት ወይም ኮንዶሚኒየም መግዛት ነው። ምርጫው ለጣራው መልስ ይሰጣል፤ ለገበያውና ለጎረቤቱ ግን መልስ አይሰጥም።

ይህ ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 እ.ኤ.አ. የቦምቤይ የመንገድ ዳር ነዋሪዎችን ጉዳይ ሲመረምር፣ የሰው መተዳደሪያ የሕይወት መብቱ ክፍል መሆኑን ተቀበለ፤ ቢሆንም ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንዲነሡ ፈቀደ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2000 እ.ኤ.አ. በግሩትቡም ጉዳይ፣ መንግሥት እጅግ የተቸገሩትን የሚያይ የቤት ፕሮግራም ሊኖረው እንደሚገባ ፈረደ፤ ጉዳዩ በስሟ የተጠራው ሴት ግን የራሷ ቤት ሳይኖራት በ2008 እ.ኤ.አ. ሞተች። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የኤኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶችን ቃል ኪዳን ተቀብላለች፤ የቃል ኪዳኑ ኮሚቴም በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ፣ ሰዎች ከመነሣታቸው አስቀድሞ ሊመከሩና በቂ ማስታወቂያ ሊደርሳቸው እንደሚገባ አስረድቷል። ሊቃውንቶቻችን እነዚህን ፍርዶችና ማብራሪያዎች መጥቀስ ይወዳሉ። ነገር ግን ከቦምቤይ የሚወሰደው ትምህርት የፍርዱ ጥሩ ቃል ብቻ አይደለም። ነዋሪዎቹ ከሥራቸው አጠገብ ለምን እንደሚያድሩ በዝርዝር ስለ ተነገረው ፍርድ ቤቱ ሊረዳቸው መቻሉም ትምህርት ነው። ለካዛንቺስ እንዲህ ያለ ዝርዝር ማን ጽፏል?

በአንጻሩ የሚቀርበው ሐሳብም በቅንነት ሊሰማ ይገባል። ከተማ ይታደሳል፤ ብዙዎቹ ቤቶች ያረጁ፣ መጸዳጃቸው የጋራ፣ እሳት ቢነሣ መኪና የማያስገቡ ነበሩ። የድኽነትን መንደር እንደ ቅርስ አክብሮ ለማቆየት መፈለግ በውስጡ የማይኖር ሰው ቅንጦት ሊሆን ይችላል። ወደ ዐዲሱ ቤት ሲገባ ውሃና መጸዳጃ በማግኘቱ የተደሰተ ሰው መኖሩም የማይካድ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ቤቱ ይፍረስ ወይስ አይፍረስ የሚል አይደለም። የሚፈርሰው ነገር ከመፍረሱ በፊት ምን እንደ ነበረ ይታወቅ የሚል ነው። በአዋጅ ቍጥር 455/1997 ይግባኝ የሚል ሰው ንብረቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ከይግባኙ ጋር እንዲያቀርብ ይገደድ ነበር። እንዲህ ሲሆን ዳኛው መዝገቡን በሚከፍትበት ቀን ቤቱ መሬት ሆኖ ይጠብቀዋል። ግድግዳው በሜትር ስለ ተለካ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ያልተለካው ኑሮ ግን ምስክር የለውም።

ስለዚህ የሕግ ጥናቱ ዐዲስ አንቀጽ ከመለመኑ በፊት በእጁ ያለውን አንቀጽ 44 ይሥራበት። ኑሮ የሚለውን ቃል በባለካርታው ብቻ ሳይሆን በተከራዩ፣ በደባሉና በጉልት ነጋዴዋ በኩል ይተርጕመው። ለዚህም የሕዝብን ኑሮ ከሚያጠኑት ጋር መተባበር ግዴታው ነው። የሕግ ተማሪና የባህል ጥናት ተማሪ በቂርቆስ ገና ባልተነኩት መንደሮች ውስጥ አብረው ገብተው፣ የአንድን ግቢ ገቢና ወጪ፣ የዕቁቡን ጻፊ፣ የዕድሩን መዝገብ፣ ሕፃናቱ የሚማሩበትንና ሠራተኛው በእግሩ የሚሄድበትን መንገድ ቢመዘግቡ፣ ያ መዝገብ ለምርምር ብቻ ሳይሆን ለፍርድ ቤትም ማስረጃ ይሆናል። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜው ሳያልፍ መጀመርን ግን ይጠይቃል። የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ሳይመዘገብ ሄዷል፤ የቀሩት መንደሮች ግን ዛሬም ሰው አለባቸው።