ዓመቱ አንድ፣ ብሩ ሁለት

ልደታ ውስጥ አሮጌ ቤት ሲፈርስና የውርስ ዕቃ ሲከፋፈል ከሣጥን ከሚወጡት ነገሮች አንዱ በተለምዶ ሽልንግ የሚባለው ሐምሳ ሳንቲም ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክና 1936 የሚል ዓመት አለበት። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ብር ነው ወይ?» ብሎ ነው፤ አዎ፣ ብር ነው። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 እና በ1945 የተመታው ከሺህ እጅ 800 ንጹሕ ብር ሲኖረው፣ በ1947 የተመታው ግን 700 ብቻ ነው። የሁለቱም ክብደት 7.03 ግራም ነው፤ መልካቸውም አንድ ነው፤ ዓመቱ ሳይለወጥ 1936 ተብሎ ቀርቷል። ስለዚህ በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ስለ ብረቱ የሚነግረን የለም። ብረቱን ከራሱ ከብረቱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሲጠየቅም ሳይቧጨርና ሳይሞረድ ሊመልስ ይችላል።

የጦርነት ዘመን ገንዘብ ዓይንን ማታለሉ አያስገርምም። መንግሥታት ብረቱን ለጦር መሣሪያ ሲፈልጉት የሳንቲሙ ውስጥ ይለወጣል፣ መልኩ ግን እንዳለ እንዲቆይ ይፈለጋል። ጣሊያን አገራችንን በያዘችበት በ1936 (እ.አ.አ.) አንድና ሁለት ሊሬዋን ከኒኬል መታች፤ ከ1939 ጀምሮ ደግሞ አክሞኒታል ወደሚባል የማይዝግ ብረት ዞረች። ብዙ ሰው የሚተማመንበት ማግኔት እዚህ ላይ ይከዳል፤ ኒኬሉን ይስባል፣ አክሞኒታሉ ግን የሚሳብም የማይሳብም ዓይነት አለው። ከነጻነት በኋላ በእጃችን ይዘዋወር የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከመቶ 25 እጅ ብቻ ብር ይዞ እንደ ብር ያበራ ነበር። በ1937 ዓ.ም. ሐምሌ 16 የራሳችን ገንዘብ በይፋ ከታወጀ በኋላም አጭበርባሪ አልጠፋም፤ ከመዳብ የተሠራውን ክብ ስሙኒ (ሃያ አምስት ሳንቲም) በብር እየለበጡ እንደ ሽልንግ ያሳልፉት ስለነበር ጠርዙ ሞገድ ሞገድ እንዲሆን ተደረገ።

እኔ የምታመንበት ፈተና ውሃ ነው። የግራምን መቶኛ የሚለይ ሚዛን ላይ ሳንቲሙን መዝኑ። ቀጥሎ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት፤ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ግድግዳውንም ታቹንም ሳይነካ አጥልቁት። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ክብደት ነው፤ የመጀመሪያውን ክብደት ለዚህ ስታካፍሉት እፍግታው ይገኛል። አረፋ ከተጣበቀበት ቁጥሩ ይዛባልና ውሃው ላይ ጠብታ ሳሙና ይጨመር። ደህና ብር ያለው ሽልንግ 10 አካባቢ ይሰጣል፤ መዳብ ከ9 በታች ነው። ባለ 7 ግራሙ ብር ወደ 0.70 ግራም ውሃ ሲገፋ፣ ያንኑ የሚመዝን መዳብ 0.78 ይገፋል። ይህን ልዩነት ርካሽ ሚዛንም አይስተውም። ሳንቲሙ በእጅ ንክኪ ብዛት ቢሳሳና ክብደቱ ቢጎድልም እፍግታው አይለወጥም፤ ክብደትን ብቻ የሚያይ ሰው ግን ይሳሳታል።

አንጥረኞች «ድንጋይና አሲድ ባንድ ደቂቃ ይለይልኛል፣ ውሃውን ምን አመጣው?» ይሉ ይሆናል። ልምዳቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አሲዱ የሚፈትነው ፊቱን ነው። የብርና የመዳብ ቅይጥ ሲግልና በአሲድ ሲታጠብ የላዩ መዳብ ይወጣና ብር የበዛበት ስስ ቆዳ ይቀራል፤ ብሩ አነስተኛ የሆነ ሳንቲም በዚህ ቆዳ ከማንነቱ በላይ ይታያል። በኤክስሬይ የሚያነበው ዘመናዊ መሣሪያም ጠልቆ አያይም፤ ዋጋው ደግሞ ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው። ወደ ውስጥ ለመግባት መሞረድ ግድ ይላል፣ የተሞረደ ሳንቲም ደግሞ አይመለስም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ እርሳስና ሌላ ቀላል ብረት በልክ ቢቀየጡ የብርን እፍግታ መምሰል አይችሉም ወይ? ይችላሉ። እንዲህ ያለው ቅይጥ ግን ለስላሳ ነው፤ ሲያንኳኩትም ድምፁ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ የውሃው ቁጥር ከድምፁና ከዲያሜትሩ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

የውሃው ፈተናም ወሰን አለው፣ ወሰኑም ያው የተነሣንበት ጥያቄ ላይ ነው። የ800ው እፍግታ 10.14፣ የ700ው 9.98 ገደማ ነው፤ በውሃ ሲመዘኑ ልዩነታቸው 0.011 ግራም ገደማ ነው፤ ይህም በመቶኛ ለሚለይ ሚዛን አንዲት እርከን ብቻ ናት። በዚህ ሚዛን ተነሥቶ «ይኸኛው የ1944 ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው እየገመተ ነው። የግራምን ሺህኛ የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል፤ የተግባረ ዕድ ሙያ ትምህርት ቤት ባለበት ልደታ እንዲህ ያለ ሚዛን ማግኘት የሚያቅት አይመስለኝም። እስከዚያው ሽልንግ በእጃችሁ ካለ ክብደቱንና የገፋውን ውሃ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፣ ከጎኑም «ብር፣ 800 ወይም 700 ያልተለየ» በሉ፤ ሞረዱንም ከእሱ አርቁ።