ሞክሼዎቹ የጠበቁልን ቃላት

በግእዝ ፀሐይ ሲወጣ «ሠረቀ» ይባላል፤ ሌባ የሰው ገንዘብ ሲወስድም «ሰረቀ» ይባላል። ዛሬ በእኛ አፍ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ጆሮ የቱንም ያህል ቢቀና ልዩነት አያገኝም። ዐይን ግን ወዲያው ይለያቸዋል። የፊተኛው የተጻፈው በንጉሡ ሠ ነው፣ የኋለኛው በእሳቱ ሰ። ፀሐይ የሚወጣበትን አቅጣጫ «ምሥራቅ» ብለን በንጉሡ ሠ የምንጽፈውም ከዚያው ግስ ስለተወለደ ነው። ዐረቦች እስከ ዛሬ ድምፁን ሳይቀላቅሉ የመጀመሪያውን «ሸረቀ»፣ ሁለተኛውን «ሰረቀ» ይላሉ። ከአፋችን የጠፋውን ልዩነት ፊደላችን ይዞልን ቆይቷል።

ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች «ሞክሼ» እየተባባሉ እንደሚጠራሩ፣ እነዚህንም ፊደላት ሞክሼ እንላቸዋለን። የየኔታ ተማሪዎች ግን እንዳይምታቱባቸው ለእያንዳንዱ የራሱን ስም ሰጥተውታል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። የዚህን ሥራ ረቂቅነት ልብ ይበሉ። ፊደሉ የተሰየመው እሱ በሚገኝበት ቃል ነው፤ ስሙን ያወቀ ልጅ አንድ ቃል አስተካክሎ መጻፍንም አብሮ ይማራል። ዐይኑ ዐ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ጥንት ፊደሉ የተነሣው ከዐይን ሥዕል ነው፤ ክቡ ቅርጹ እስካሁን አለ። ዕብራውያንም የእሱን አቻ «ዐይን» ይሉታል።

በጣም የምወደው ጥንድ «መሀረ» እና «መሐረ» ነው። በሃሌታው ሀ ማስተማር ነው፤ መምህር፣ ምሁር፣ ትምህርት ከዚህ ይወጣሉ። በሐመሩ ሐ ይቅር ማለት ነው፤ ምሕረትና መሐሪ የዚያ ልጆች ናቸው። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ከሁለቱም ስለጣለ፣ ዛሬ «ተማረ» ሲባል ዕውቀት ቀሰመ ወይስ ይቅርታ አገኘ የሚለውን የሚነግረን ዐውዱ ብቻ ነው። «ትምህርት» እና «ምሕረት» በትክክል ሲጻፉ ግን ሁለቱ ቤተ ሰብ ሳይደባለቅ ይቆማል።

«ዓመት» በዐይኑ ሲጻፍ ዘመን ነው። «አመት» በአልፋው ሲጻፍ ግን አገልጋይ ሴት ማለት ነው፤ አመተ ማርያም የሚለው ስም የማርያም አገልጋይ የሚል ትርጉም ያለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ደብዳቤ ላይ «አመተ ምሕረት» ብሎ ቀን የሚጽፍ ሰው ዘመኑን አገልጋይ አድርጎታል። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፤ «ሰአሊ» ግን በግእዝ ሴትን «ለምኚ» ማለት ነው፤ ስእለትም የእሱ ዘመድ ነው። ኅሊና የመጣው በብዙኃኑ ከሚጻፈው «ኀለየ» ነው፤ ዐሰበ ማለት ነው። ማሕሌት ደግሞ በሐመሩ ከሚጻፈው «ሐለየ» ተገኘ፤ ዘመረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሥር በሥር ለይተው ያስቀመጡልን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተባለውን ሥራ የጀመሩት መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ አለቃ ለዓመታት በኢየሩሳሌም ኖረው፣ ዕብራይስጡንና ዐረብኛውን ከግእዙ ጋር እያነጻጸሩ ቀጠሉት። ታትሞ ግን አላዩትም። ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ፣ መምህር ለተማሪ እያስረከበ፣ አንዱን ሐ ከሌላው ሀ ሲለይ ኖሯል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከማንኛውም የእጅ ጥበብ አያንስም።

«ድምፃቸው አንድ ከሆነ ትርፎቹን እንጣላቸው» የሚሉ አሉ፤ ለተማሪ ይቀላል የሚለው ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። እኔ ግን አልስማማም። ትግርኛ ተናጋሪው ጎረቤታችን ሐንና ዐን ዛሬም ከጉሮሮው አውጥቶ እየለየ ይናገራቸዋል፤ ፊደሎቹን ብንጥል የምንርቀው ከግእዝ ብቻ ሳይሆን ከእሱም ጭምር ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ልጅዎን ምሕረት ብለው ከሰየሟት በሐመሩ ሐ ይጻፉላት፤ ማሕሌት ካሏትም እንዲሁ።