ከቱቦው ጀርባ ያለው ሰው፦ የምርምር ረዳቷ በ«ሄንሪየታ ላክስ» መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የርብቃ ስክሉት መጽሐፍ «የሄንሪየታ ላክስ ዘላለማዊ ሕይወት» በሕክምና ሥነ ምግባር ዙሪያ ብዙ ካነጋገሩ ሥራዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የማሕፀን በር ካንሰር ታካሚ ከነበሩት ከወ/ሮ ሄንሪየታ ላክስ፣ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ስለተወሰደው ናሙናና ከእርሱ ስለተገኘው «ሂላ» የተሰኘ የሕዋስ ዘር ይተርካል። በመጽሐፉ ላይ የሚሰጠው አስተያየት በአብዛኛው በታካሚዋና በቤተሰባቸው መብት ላይ ያተኩራል፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ብዙም ያልተስተዋለች አንዲት ሠራተኛ በመጽሐፉ ውስጥ አለች፤ እርሷም የዶ/ር ጆርጅ ጋይ የምርምር ረዳት ሜሪ ኩቢቼክ ናት።

ጸሐፊዋ የረዳቷን ሥራ በዝርዝር መግለጻቸው የመጽሐፉ አንዱ ብርታት ነው። ናሙናው ሲደርስ የ21 ዓመቷ ሜሪ ምሳዋን እየበላች ነበር። የሰውን ሕዋስ ከሰውነት ውጭ ለማኖር ለዓመታት የተደረገው ጥረት ሲከሽፍ ስለቆየ፣ ይህኛው ከቀደሙት ይለያል ብላ አልጠበቀችም፤ የተነሣችው ሳንድዊቿን ጨርሳ ነው። ከዚያም ናሙናውን በአንድ ሚሊ ሜትር መጠን ቆራርጣ በቱቦዎች ውስጥ አኖረች፤ በየቱቦውም ላይ ከታካሚዋ ስምና ከቤተሰብ ስማቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሁለት ፊደላት ጻፈች። «ሂላ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ነው። የቤተ ሙከራው የንጽሕና ሥርዓትም በቀዶ ሕክምና ነርስነት የሠለጠኑት የዶ/ር ጋይ ባለቤት የማርጋሬት የድካም ፍሬ እንደነበረ መጽሐፉ ያስረዳል።

በሌላ በኩል፣ መጽሐፉ ይህን የእጅ ሥራ እስከ መጨረሻው አይከታተለውም። እ.ኤ.አ. በ1966 ስታንሊ ጋርትለር፣ የተለያዩ ናቸው ተብለው ይሠራባቸው የነበሩ 18 የሕዋስ ዘሮች በሂላ የተበከሉ መሆናቸውን አስታወቁ። ትረካው የሚያተኩረው በሳይንቲስቶች መካከል በተነሣው ውዝግብ ላይ ነው። ብክለት ግን በፒፔት፣ በአቧራና ባልታጠበ እጅ ይተላለፋል፤ ይኸውም የረዳቱ የዕለት ተዕለት የሥራ መስክ ነው። ረዳቶች ምን ያህል ሠልጥነው፣ በምን ያህል ጥድፊያ ይሠሩ እንደነበር መጠየቅ በተገባ ነበር።

ከሁሉም የላቀው ክፍል የአስከሬን ምርመራው ነው። ወ/ሮ ሄንሪየታ በጥቅምት 4 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ፣ ሜሪ በእግራቸው ጣቶች ላይ የተላላጠ ቀይ የጥፍር ቀለም ታያለች። ለወራት ስትንከባከበው የቆየችው ሕዋስ ከአንዲት ሴት የመጣ መሆኑ የተሰማት ያን ጊዜ ነው። ጸሐፊዋ ይህን እንደ አንዲት ወጣት ድንጋጤ ገልጸው ያልፋሉ። ጉዳዩ ግን ከግለሰብ ስሜት በላይ ነው፤ የሥራ ክፍፍሉ ራሱ ለረዳቷ ያደረሳት ቱቦውን እንጂ ሰውየዋን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1952 ስለዚሁ ሥራ በታተመው አጭር ጽሑፍ የሜሪ ስም ከዶ/ር ጋይና ከኮፍማን ቀጥሎ ሰፍሯል። ብዙ ረዳቶች የማያገኙትን ክብር እርሷ አግኝታለች፤ ታካሚዋ ግን አራት ፊደላት ሆነው ቀርተዋል።

በቱቦ ላይ ከስም ይልቅ መለያ ቁጥር መጻፍ የታካሚን ምስጢር ስለሚጠብቅ ዛሬም አስፈላጊ ነው። ስምን መሰወርና ሰውን መርሳት ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ በሕዋስና በሞለኪውል ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ የሚቀጠር ወጣት የፒፔት አያያዝን ከመማሩ በፊት፣ ናሙናው በማን ፈቃድና ለምን ዓላማ እንደተወሰደ ሊነገረው ይገባል። መጽሐፉ ይህን በግልጽ ባይጠይቅም፣ ጥያቄውን ለማንሣት የሚያስችለውን ማስረጃ ለጤና ባለሙያው አቅርቧል፤ በዚህም ሊነበብ የሚገባው ነው።