ለሬሳ የፈጠነ እጅ

በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን በብዙ ነገር ልንታማ እንችላለን፤ በለቅሶ ግን አንታማም። በፖለቲካ «ዓይንህን ላፈር» የተባባሉ ሰዎች ሳይቀሩ የአንድ ወጣት ሞት ሲሰማ ይሰባሰባሉ፣ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ ይሯሯጣሉ። የሚያኮራ ባሕል ነው። እኔን የሚከነክነኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «በምን ሞተ?» ሲባል ድምፅ ዝቅ ይልና «ድንገት ነው» ይባላል። ከቀብር መልስ ደግሞ «ለካ ከሰው ርቆ ነበር»፣ «ሥራውንም ትቶ ነበር አሉ» እየተባለ ምልክቱ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ምልክቱን ያላየ አልነበረም ማለት ነው።

ጉዳዩ ሲነሣ ዘወትር የሚሰጠው ምክር «ወጣት ወንዶች ሆይ፣ አትደብቁ፣ ተናገሩ» የሚል ነው። ምክሩ ክፋት የለበትም። በእኔ እምነት ግን ጥፋቱን በሙሉ በታማሚው ላይ ይጭናል። ወጣቶቻችን ዝም አላሉም። «ራሴን ያመኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ምንም ነገር አላስደስት አለኝ»፣ «ደብሮኛል» ይላሉ። ባለሙያዎች በአማርኛ «ድባቴ» የሚል ቃል ሰጥተውናል፤ ነገር ግን በመኖሪያ ቤቱ «ድባቴ ይዞኛል» የሚል ወጣት ብዙ አይገኝም። ያለው ቃል «ደበረኝ» ነው፤ ይህ ቃል ደግሞ ለማይጥም ፊልምም ለከባድ ሕመምም እኩል ያገለግላል። ሰሚው ቀላሉን ትርጉም ይመርጣል። «ሚስት አግባ»፣ «ጸሎት አድርግ»፣ «አሜሪካ ተቀምጠህ ምን ጎደለህ?» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ልጁ ጠይቋል፣ መልስም ተሰጥቶታል። ሁለት ጊዜ እንዲህ የተመለሰለት ሰው ሦስተኛ ጊዜ ባይጠይቅ ምን ይገርማል?

ነገሩ ቀላል አይደለም። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. 727,000 ያህል ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነበር። በአሜሪካ በዚህ መንገድ የሚሞቱ ወንዶች ቁጥር ከሴቶች አራት እጥፍ ገደማ ነው። ነገር ግን በድባቴ ተይዘው በሐኪም የሚታወቁት ይበልጡን ሴቶች ናቸው። በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ የማይገኘው ወንድ በሞት መዝገብ ላይ ይገኛል።

ይህ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ «ወንድ ልጅ እጁን አይሰጥም» የሚለው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ያደረጉትን ከልጅነታችን ጀምሮ የወንድነት መለኪያ አድርገን ተምረናል። ከንጉሡ ጋር ሙግት የለኝም፤ ፊታቸው የቆመው አምባቸውን የሰበረ የጠላት ጦር ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ምድር ቤት ብቻውን ለተኛ ልጅ ግን ሐኪሙ ጄኔራል ናፒየር አይደለም። እርዳታ መጠየቅ ምርኮ አይደለም። ደግሞስ «ወንድ አያለቅስም» የሚለው መቼ እውነት ሆኖ ያውቃል? ቴዎድሮስ ራሳቸው ባለቤታቸው ተዋበች ሲሞቱ በብርቱ ማዘናቸውን ታሪክ ይነግረናል። በለቅሶ ቤት ወንዱ ደረቱን እየመታ ሲያነባ ማን ይነቅፈዋል? እንባን አልከለከልንም፤ ለሞተ ሰው ብቻ ፈቀድነው እንጂ።

ሁለተኛው ምንጭ ስም ነው። በእኛ ዘንድ ከቀላል ጭንቀት እስከ ከባድ ሕመም ሁሉም «እብድ» በሚለው አንድ ቃል ይጠቀለላል። ስንቱን የፈወሰው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል እንኳ ስሙ በመንደር ስድብ ሆኗል። በቡታጅራ አካባቢ የአእምሮ ሕሙማን ባሏቸው 178 ቤተሰቦች ላይ ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሦስት አራተኛው መገለል ደርሶብናል ወይም ይሰማናል ሲሉ፣ ከሦስተኛው በላይ ሕመሙን መደበቅ እንደሚሹ ተናግረዋል። ይህ ፍርሃት አብሮን አውሮፕላን ተሳፍሯል። ልጁ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያኑ ሰው እንዳይሆን ይሰጋል። ስጋቱን አልነቅፍም። ሆኖም የሕክምና አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ የማያውቀው ሰው ከሩቅ በስልክ እንዲያስተረጉምለት መጠየቅ እንደሚችል፣ ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ 988 ብሎ ቢደውል በማንኛውም ሰዓት ሰው እንደሚያገኝ ማን ነገረው?

ሦስተኛው የእምነት ጉዳይ ነው። ጸበልን የሚያጣጥል ጽሑፍ ልጽፍ አልተነሣሁም። በ2007 እ.ኤ.አ. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን እንዲወስዱ ማሳሰባቸውን እናስታውሳለን። ለደም የተፈቀደው ለአእምሮ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ካህኑ ወይም ሼኹ «ጸልይ፣ ሐኪምም ታይ» ቢሉ የስንቱ ልጅ ሸክም በቀለለ!

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል አባቶቻችን። ተረቱ የሸሸገውን ይወቅሳል፤ አብረነው የሸሸግነውን ግን አያነሣም። አንድ ወንድማችን ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ሆስፒታሉን የምናጨናንቅ፣ ሾርባ በፔርሙስ የምናመላልስ ሰዎች፣ ለአእምሮው ሊታከም የሚሄደውን ልጅ ብቻውን እንልከዋለን፤ ሲመለስም እናማዋለን። ዕድራችን ለሞተ ድንኳን ይተክላል። ሥራ ትቶ በሩን የዘጋን አባል ሄዶ የሚያንኳኳ ሰው ግን በደንቡ ውስጥ የለም። ይጻፍበት እላለሁ። ሁለት ሰው ይመደብ፣ ይሂድ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባል ተመስገን ብሎ ከመመለስ ይልቅ ቁጭ ይበል። ቀጠሮ ይያዝለት፣ በመኪና ይወሰድ፣ በሐኪሙ ደጅ ይጠበቅ።

ለአስከሬን የምናዋጣውን ገንዘብ አልቃወምም። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ፣ ለለቅሶ ከምናውለው ቀንም አንድ ከሰዓት፣ ልጁ በሕይወት ሳለ ይድረሰው ነው የምለው።

ቸር ያሰማን።