በግድግዳ ላይ የተጻፈ ልመና
ስለ ሎንግ ሜልፎርድ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ

ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ባለጸጋ ስሙን በግድግዳው ላይ ቢያስጽፍ፥ ሥራው ለእግዚአብሔር ክብር ነው ወይስ ለገዛ ስሙ? ይህን ለመመርመር በምሥራቅ እንግሊዝ፥ በሰፎልክ አውራጃ፥ በቅድስት ሥላሴ ስም የታነጸውን የሎንግ ሜልፎርድን የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መመልከት ይጠቅማል።

የሕንፃው አብዛኛው ክፍል በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1467 እስከ 1497 ባሉት ዓመታት ተሠራ። ወጪውን የቻሉት ጆን ክሎፕተንና በሱፍ ጨርቅ ንግድ የከበሩ ያገሩ ሰዎች ናቸው። ክሎፕተን በ1462 በንጉሥ ላይ አሢረሃል ተብሎ ታስሮ ነበር፤ አብሮት የተከሰሰው የኦክስፎርድ መስፍን በሞት ሲቀጣ እርሱ ተረፈ። እንግዲህ ሠሪው ሞትን በቅርብ ያየ ሰው ነው።

መስኮቶቹ ላይና ታች በሁለት ተራ እጅግ ስለ በዙ፥ ግድግዳው ከድንጋይ ይልቅ በብርሃን የቆመ ይመስላል። ሰፎልክ መልካም የሕንፃ ድንጋይ የማይወጣባት አገር ስለ ሆነች፥ ግንበኞቹ ያገራቸውን ጥቁር ባልጩት ሰንጥቀው ከሌላ አገር ከመጣ ነጣ ያለ ጥርብ ድንጋይ ጋራ አጋጠሙት። ጌጡ ከችግር የተወለደ ነውና ዓይንን አያሰለችም።

የሠሪዎቹም ስም በዚሁ ጥበብ በውጭው ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ጽሕፈቱ «እገሌ ሠራው» ብሎ አይመካም፤ ስለ እገሌ ነፍስ ጸልዩ ብሎ ይለምናል እንጂ። በ1496 በተፈጸመው በእመቤታችን ጸሎት ቤት ላይ ከክሎፕተን ስም ጋራ የቤቱ አገልጋይ የሪቻርድ ላቭዴይ ስም ይገኛል። በዚህ ልመና ጌታና ሎሌ አንድ ናቸው።

በ1547 ለሙታን ነፍስ ቅዳሴ የሚቀደስባቸው ጸሎት ቤቶች በእንግሊዝ አገር በሕግ ተሻሩ፤ ርስታቸውም ለመንግሥት ሆነ። የእመቤታችንም ጸሎት ቤት ከ1670 ጀምሮ የልጆች ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። የግድግዳው ልመና ግን አልተፋቀም።

ነቀፌታ የሚገባው የደወሉ ግንብ ነው። የቀድሞው በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በመብረቅ ፈርሶ በጡብ ተተካ፤ ጡቡንም ቦድሊ የተባለው ያርክቴክት ባለሙያ ከ1898 እስከ 1903 ድንጋይና ባልጩት አለበሰው። ሥራው የተጠነቀቀ ነው፤ ሆኖም የጥንቶቹ ግንበኞች በባልጩት የሠሩት ሌላ ስላጡ ሲሆን፥ እርሱ ግን እነርሱን ለመምሰል ብሎ ነው። ልዩነቱም ከሩቅ ይታወቃል።

ስለዚህ ስምን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መጻፍ ብቻውን ትዕቢት አይደለም። የሚፈረድበት ስሙ የተጻፈለት ሰው ከአንባቢው በሚጠብቀው ነገር ነው፤ የሜልፎርድ ሰዎች ምስጋና ሳይሆን ጸሎት ጠበቁ።