ምክር ከመስጠት በፊት

በሀብሩ ወረዳ ገጠር ቀበሌ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የተደበደበች ሴትን መለየት አያቅታትም። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌዋን ተወግታ «ካርዱን እዚሁ አስቀምጡልኝ፤ ቤት አልወስደውም» የምትለውን ታውቃታለች፤ ለምን እንደምትደብቀውም ትገምታለች። መርሳ ላይ ነርሶችን፣ አዋላጆችንና ፖሊሶችን ሳሠለጥን ምልክት በመዘርዘር ብዙ የማልቆየው ለዚህ ነው። ስትከላከል ክንዷ ላይ ያረፈው ሰንበር፣ አዲስና አሮጌ ቁስል ባንድ ገላ ላይ፣ «እንጨት ስለቅም ወደቅሁ» የሚለው ከጉዳቱ ጋር የማይገጥም ወሬ፣ ሁሉንም አይተውታል።

የሚከብዳቸው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ጥንድ ጥንድ አድርጌ አንዷን ታካሚ፣ አንዷን ነርስ ሳደርጋቸው፣ ነርስ የሆነችው ወዲያው ሽማግሌ ሆና ቁጭ ትላለች፦ «ቻይው እንጂ እታለም፣ ልጆችሽን አስቢ።» አልፈርድባትም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ወጥ ማሳረርንና ሳይነግሩ መውጣትን ከመሳሰሉ ምክንያቶች ቢያንስ ባንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉ ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ፤ ወንዶቹ 28 በመቶ። ሠልጣኟም ያደገችው በዚሁ አገር ነው። ስለዚህ ምክሩ ከአፏ እስኪጠፋ ልምምዱን እንደግመዋለን። መጀመሪያ ታዳምጣለች። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ትላለች። ከዚያ ስለ ዛሬ ማታ ትጠይቃለች፦ አንቆሽ ያውቃል? ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? በእኛ አካባቢ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ አይዘለልም።

ባልየው አብሮ ከገባ ግን ጥያቄው ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅትም የመጣችን ሴት ሁሉ በጅምላ መጠየቅን አይመክርም፤ ምልክት ሲታይ፣ ያውም ለብቻዋ ስትሆን ነው። ለብቻ ማግኘቱ ዘዴ ይፈልጋል፤ «ሽንት ትስጥ»፣ «ክብደት እንለካት» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ የመሰለ። ጎበዝ አዋላጆች ይህን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር።

ስለ ሽምግልና ሁሌ ክርክር ይነሳል፤ በተለይ ከፖሊሶቹ። አስታራቂው አበጋር፣ ሸህና ቄስ ተቀምጠው ደም ያደረቁበት አገር ነውና አልንቀውም። ሆኖም ነርስ የሰማችውን ይዛ ሽማግሌ ልትጠራ አይገባም። ምስጢሩ የሴትዮዋ ነው፤ ሽማግሌም ሆነ ፖሊስ የምትመርጠው እሷ ናት።

አጥብቄ የምይዛቸው ግን መዝገብ ላይ በሚጽፉት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስን ጥቃት ለይቶ ይጠቅሳል፤ ቅጣቱን ግን ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች ይመራዋል። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው በጉዳቱ ማስረጃ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ «ወድቃ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ጉዳዩ ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ለባልየው ይመሰክርለታል። እናንተ በየጤና ጣቢያው ያላችሁ ባለሙያዎች፣ ዛሬ መክሰስ ባትፈልግ እንኳ የቁስሉን ቦታ፣ ስፋትና ቀለም፣ ማን እንዳደረሰባትም በራሷ ቃል ጻፉላት፤ ቀኑና ፊርማችሁም አይቅር።