ስለ መድኃኒት መገኘት የሚተርክ ፊልም በሕሙማን ሚዛን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ እጅግ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በሽታውን ገልጦ፣ ለሐኪም አሳይቶ፣ መድኃኒቱም በዓለም ላይ መኖሩን ተረድቶ፣ ነገር ግን እጁ ያልደረሰበት ሰው ምን እንደሚሰማው ምሳሌው አይነግረንም። ይህን ሐሳብ ያስነሣብን በበደሳ ከተማ በአንድ የሥራ ባልደረባችን ቤት እሑድ ከቡና በኋላ የተመለከትነው ፊልም ነው። ከተመልካቾቹ መካከል ሁለቱ የነቀርሳ ሕሙማን ነበሩ፤ አንደኛዋ በጡት ነቀርሳ ታመው ኦፕራሲዮን የተደረጉ የልጆች እናት፣ ሁለተኛው ደግሞ በጡረታ ላይ ያሉ መምህር ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ፊልሙን የምንመዝነው ይልቁንም በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ሚዛን ነው።

ፊልሙ «ሊቪንግ ፕሩፍ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ሕያው ማስረጃ» እንደ ማለት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ለአሜሪካ ቴሌቪዥን የተሠራ ሲሆን፣ አዘጋጁ ዳን አየርላንድ፣ ዋናው ተዋናይም ዘፋኙ ሃሪ ኮኒክ ጁንየር ነው። የሚተርከውም ዶክተር ዴኒስ ስሌመን የተባለው የሎስ አንጀለስ ተመራማሪ «ሄርሴፕቲን» የተባለውን የጡት ነቀርሳ መድኃኒት ለማስገኘት የደከመውን ድካም ነው። ከአምስት የጡት ነቀርሳ ሕሙማን በአንዷ ያህል ዕጢ ላይ «ሄር ሁለት» የተባለው ተቀባይ ከልክ በላይ ይበዛና ዕጢው በፍጥነት እንዲያድግ ያደርገዋል። ቀድሞ የነበሩት መድኃኒቶች በፍጥነት የሚባዛውን ሕዋስ ሁሉ ጤነኛውንም ጭምር ሲመቱ፣ ይህ ግን በዚሁ ተቀባይ ላይ ተጣብቆ ሥራውን ያግደዋል። በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት ሲፈቀድ እንደ ትልቅ እመርታ የተቆጠረውም ስለዚህ ነው።

የፊልሙን መልካም ጎን አስቀድመን እንናገር። ምርምር በአንድ ሌሊት የሚፈጸም ተአምር ሳይሆን ዓመታትን፣ ገንዘብን፣ ትዕግሥትንና የብዙ ሰዎችን ትብብር የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ያሳያል። ለምርምሩ ገንዘብ ያሰባሰበችው ሊሊ ታርቲኮፍም ሆነች ገና ላልተረጋገጠ መድኃኒት ሰውነታቸውን የሰጡ ሴቶች በትረካው ውስጥ ቦታ አላቸው። ለተማሪዎቻችን ይህ ብቻ እንኳ ብዙ ትምህርት ነው።

ነገር ግን ፊልሙ የሐኪሙ ፊልም ነው። ሐኪሙ ይለፋል፣ ይከለከላል፣ ይጸናል፣ በመጨረሻም ድል ያደርጋል። ጤነኞቹ ተመልካቾች ይህን ድል ስናይ ደስ አለን፤ አንዳንዶቻችንም አጨበጨብን። ሁለቱ ሕሙማን ግን አላጨበጨቡም። ይህን ባየን ጊዜ ዝምታቸውን እንደ ሐዘን ቆጥረነው ነበር፤ ኋላ ግን ሒሳብ ሲያደርጉ እንደ ነበር ገባን።

ሲድሃርታ ሙከርጂ የተባለው ሐኪም በ2010 ዓ.ም. ባሳተመው የነቀርሳ ታሪክ ውስጥ ያነበብነውን ነገርናቸው። ባርባራ ብራድፊልድ የተባለችው ታማሚ በ1992 ዓ.ም. በአዲሱ መድኃኒት እንድትሞከር ስትጠየቅ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፤ ዶክተር ስሌመን እንደ ገና ስልክ ደውሎ ስለ ለመናት ተስማማች፣ ዳነችም። ከእርሷ ጋር ሙከራውን ከጀመሩት 15 ሴቶች እስከ ስድስተኛው ወር የዘለቁት ግን አምስት ብቻ ናቸው። መምህሩ ወዲያው «የቀሩትስ ዐሥሩ?» ሲሉ ጠየቁ። እናትየውም ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እሷስ ስልክ ተደወለላት፤ ለእኔ ማን ይደውልልኛል?» አሉ።

በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ውስጥ አንድ ሙሉ ሒስ አለ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ጤነኛው ተመልካች የዳነችውን ያያል፤ ሕመምተኛው ያልዳኑትን ይቆጥራል፣ መድኃኒቱም ወደ እርሱ የሚመጣበትን መንገድ ይፈልጋል። ይህን መንገድ ያስከፈቱት ደግሞ ሐኪሞች ብቻ አልነበሩም። ማርቲ ኔልሰን የተባለች ራሷ የሴቶች ሐኪም የሆነች ታማሚ መድኃኒቱን ከሠሪው ከጄነንቴክ ኩባንያ ለምና ተከለከለች፤ በ1994 ዓ.ም. ሞተች። ጓደኞቿና ሌሎች ሕሙማን በመኪና የቀብር ሰልፍ ሠርተው ወደ ኩባንያው ግቢ ገቡ። ኩባንያውም ከዚያ በኋላ ከሕሙማን ወገኖች ጋር ተስማምቶ፣ ከሙከራው ውጭ ለሆኑ ጽኑ ሕሙማን መድኃኒቱ በዕጣ እንዲታደል ፈቀደ። መምህሩ ይህን ሲሰሙ «ዕጣም ቢሆን የሚወጣው ስሙ ለተጻፈ ነው» አሉ።

በ2015 ዓ.ም. በሙከርጂ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ በባራክ ጉድማን አዘጋጅነት የቀረበው የስድስት ሰዓት ያህል ፊልም በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። የምርምሩን ታሪክ በአልጋ ላይ ካሉ ሕሙማን ኑሮ ጋር እያፈራረቀ ስለሚያቀርብ፣ ተመልካቹ ከግኝቱ ጎን ጥበቃውንና ጭንቀቱንም ያያል።

«ሊቪንግ ፕሩፍ» የሚያበቃበት ድል ለእኛ አገር ሕሙማን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከበደሳ እስከ አዲስ አበባ በጭሮ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር የበለጠ መንገድ አለ፤ ለብዙ ዓመታትም በአገራችን የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን መድኃኒት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያገባው በ2015 ዓ.ም.፣ ይኸውም ከተፈቀደ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። በ2019 ዓ.ም. ድርጅቱ በዋጋ የሚያንሰውን ተመሳሳይ መድኃኒት ሲያጸድቅ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት የዓመት ዋጋ በአማካይ 20,000 ዶላር እንደ ነበር ገልጦአል። የበደሳ ገበሬ ከቡናውና ከጫቱ የሚያገኘውን የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ፊልም ለሕሙማን ማሳየት ይገባልን? በከንቱ ተስፋ ልባቸውን ማቁሰል አይሆንምን? የሚል ይኖራል። እኛም ይህን ፈርተን ነበር። ነገር ግን ፊልሙ እንዳበቃ እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የምርመራ ወረቀት ፈትተው «የእኔስ ዕጢ ያ ዓይነት ነው?» ብለው ሰጡን። አነበብነው፤ ስለ «ሄር ሁለት» የተጻፈ ነገር አልነበረበትም። ተመርምሮ ይሁን ሳይመረመር ልንነግራቸው አልቻልንም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን እንዲጠይቁ ብቻ መከርናቸው። እርሳቸውም ልጃቸው ስሙን በወረቀቱ ጀርባ በትልቁ እንዲጽፍላቸው አደረጉ። ያ ሰዓት ለእኛ ከፊልሙ ድል ሁሉ በለጠብን፤ ሕመምተኛዋ ተስፋ ተቀባይ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ጠያቂ ሆነው ነበርና።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። የእንዲህ ያለ ፊልም ዋጋ የሚለካው በሚሰጠው ተስፋ ሳይሆን ሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ ይዞት በሚሄደው ጥያቄ ነው። መምህራንና የጤና ሠራተኞች ፊልሙን ሲያሳዩ አጠገቡ ቆመው መድኃኒቱ ለየትኛው ዓይነት ዕጢ እንደሚሆን፣ ስንቶች እንደ ዳኑና ስንቶች እንዳልዳኑ በአማርኛም በኦሮምኛም ያስረዱ። ደራሲዎቻችንም ከበደሳ ሌሊት ተነሥታ በአውቶቡስ ለቀጠሮ የምትሄደውን እናት ታሪክ ይጻፉልን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደሌለው አባቶቻችን ነግረውናል፤ በሽታውን የገለጠው መድኃኒት እንዲያገኝ ማድረግ ግን የእኛ ዕዳ ነው።